መኪናው የት ደርሶአል?

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሁሉ አዳሚ ቱሉን አይቶአታል፤ ወርዶ የረገጣት ግን ጥቂት ነው። ከባቱ፣ ማለት ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ዝዋይ ከምንላት ከተማ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ አለፍ ሲሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች፣ በጆንያ የታሰረ ሽንኩርት፣ አህያ የሚስበው ጋሪ፣ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ የተጠጋ ሰው ይታያል። ከተማይቱ ይህች ናት። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። ለመንገደኛው በመስኮት የምታልፍ የሁለት ደቂቃ ነገር ናት፤ ለእኛ ግን አገራችን ናት። በዓል በደረሰ ቍጥር ከዩኒቨርሲቲያችን ወደ እርስዋ እንወርዳለን፤ በዓሉም ሲያልፍ ለመመለስ ከመንገድዋ ዳር እንቆማለን።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚሁ መቆም ነው። በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ብዙ ተጽፎአል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ነገር ከአንድ ጥያቄ አይበልጥም። ጥያቄውም በየመንገዱ ዳር በየቀኑ የሚጠየቅና መልስ የሌለው «መኪናው የት ደርሶአል?» የሚለው ነው።

አዳሚ ቱሉ ለረጅም መንገድ መኪናዎች መነሻ አይደለችም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስና ሚኒባስ የሚመጣው ከሐዋሳ፣ ከሻሸመኔ ወይም ከአርሲ ነገሌ ነው። ከመነሻው ሞልቶ ከወጣ በእኛ በኩል ሲያልፍ ረዳቱ በመስኮት እጁን ያወዛውዛል፤ ትርጕሙም «ቦታ የለም» ማለት ነው። ባይሞላ ደግሞ ይቆማል። በመንገዱ ዳር የቆመው ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሚመጣ አያውቅም። ከሻሸመኔ መኪና ይነሣ አይነሣ፣ ተነሥቶም ከሆነ ቡልቡላን ይለፍ አይለፍ፣ ስንት ወንበር ባዶ እንደ ሆነ አያውቅም። ስለዚህ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ባለበት መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ወደ ባቱ ሄዶ በመናኸሪያው ተራ መያዝ ነው። ሦስተኛውና የሚያስቀው ነገር ደግሞ ከሚሄድበት በተቃራኒ ወደ ሻሸመኔ ከፍሎ ተጉዞ፣ ከመነሻው ወንበር ይዞ፣ እንደ ገና በገዛ አገሩ በር ማለፍ ነው። እኛ ሦስቱንም ሞክረናል። ሦስቱም አንዳንድ ቀን ትክክል፣ አንዳንድ ቀን ስሕተት ናቸው። የትኛው ቀን የትኛው እንደሚያዋጣ የሚነግር ስለሌለ ነገሩን ሁሉ ዕድል ብለን ጠርተነው እንኖራለን።

አሁን ሳንወድ የምንናገረውን ነገር እንናገር።

በአንድ የፋሲካ ሰሞን፣ ከበዓሉ በኋላ በዋለው ማክሰኞ፣ ሦስት ሆነን ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆመን ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ፈተና ነበረብን። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ ከአርባ ሰው በላይ ሆነ። ሰባት መኪና ቈጠርን፤ ሰባቱም እጅ እያወዛወዙ አለፉ። ከአጠገባችን አንዲት እናት ነበሩ፤ ሰባት ዓመት የሚሆነው፣ አንድ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ልጅ ይዘዋል። በእጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ከገጠር በሌሊት ተነሥተው እንደ መጡ ነገሩን። ወረቀቱን እንድናነብላቸው ሰጡን። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት በአዲስ አበባ ለልጁ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ መኪና ይመጣል?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ይመጣል አዴ፣ አይዞዎት» አልናቸው። ከማጽናኛ በቀር ምንም የምናውቀው አልነበረም።

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የአንደኛችን ስልክ ጮኸ። የደወለው የጐረቤታችን ልጅ ነበር፤ በዚያ መንገድ በአንድ አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ነገሌ ላይ ሰዎች ስለ ወረዱለት አራት ወንበር ባዶ እንዳለውና ቡልቡላን እንዳለፈ ነገረን። «ከሕዝቡ ጋር አትቁሙ፤ ከከተማው ወደ ታች ወጣ ብላችሁ ጠብቁኝ፤ እዚያ መሐል ከቆምኩ ይጋፉብኛል» አለን። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ እንዲሉ ነው። እኛም አንድ በአንድ፣ ሻይ ለመጠጣት እንደሚሄድ ሰው፣ ከሕዝቡ ተለይተን ሄድን። ቦርሳችንን እንኳ ከሰው ዓይን በሚሰወር ጐን አደረግን። አውቶቡሱ መጣ፤ ገባን። ከዚያም ሕዝቡ በቆመበት በኩል ሳይቆም አለፈ። እኒያ እናት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ያሳዩ ነበር። እኛ ጕልበታችንን እንመለከት ነበር።

አራት ወንበር ነበር፤ እኛ ሦስት ነበርን። አራተኛው ወንበር ባዶውን እስከ መቂ ሄደ።

ፈተናውን ደረስንበት፤ አለፍንም። የልጁ ዓይን ግን ምን እንደ ሆነ አናውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱን አላየናቸውም።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን የተከራከርነው ስለዚህ ነገር ነበር። አንደኛችን «ጥፋቱ የመኪና እጥረት ነው፤ መኪና ቢበዛ ይህ ሁሉ አይመጣም» አለ። ሁለተኛው «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሕሊና ስላጣን ነው» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሦስተኛው ግን ዝም ብሎ ቆይቶ እንዲህ አለ፦ «መኪናው ነበረ፤ ወንበሩም ነበረ፤ ሰውዬዋም ነበሩ። የጐደለው አንድ ቃል ነው። ያም ቃል በእኛ ኪስ ውስጥ ነበር።» ከዚህ በኋላ ክርክሩ አልቀጠለም።

እስቲ ይህ ቃል ሌላ የት የት እንደሚገኝ እንመልከት። መኪና ከመናኸሪያ ሲወጣ የስምሪት ሠራተኛው ታርጋውን፣ መድረሻውንና የወጣበትን ሰዓት ይመዘግባል። ትኬት የሚቈርጠው ሰው ስንት ወንበር እንደ ተሸጠ ያውቃል። ረዳቱ በየከተማው ስንት ሰው እንደ ወረደ ያውቃል። ከዚህም በላይ በሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ላይ የፍጥነት መገደቢያና ያሉበትን ቦታ የሚያመለክት ጂፒኤስ የተባለ መሣሪያ እንዲገጠም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መንግሥት መመሪያ አውጥቶአል። መሣሪያው የተገጠመለት መኪና ቡልቡላ ይድረስ፣ መቂ ይድረስ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ ባለ መስተዋት ላይ እንደ ነጥብ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። እንግዲህ «መኪናው የት ደርሶአል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አለ። ለመቆጣጠርና ለመቅጣት ያገለግላል፤ ለሚጠብቀው ሰው ግን አይነገረውም። መልሱ በስልክ የሚደርሰው ረዳት ለሚያውቅ፣ ደላላ ለሚከፍል፣ እንደ እኛም የጐረቤት ልጅ ላለው ብቻ ነው።

ይህ ነገር በአገራችን ዛሬ የተፈጠረ አሳብ አይደለም። ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ከሐዲዱ ጐን የራሱ የቴሌግራፍ ሽቦ ነበረው። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ አንዱ የጣቢያ ሹም ለሚቀጥለው ሹም ባቡሩ መነሣቱን ማስታወቅ ነበረበት። የናዝሬትና የሞጆ የባቡር ጣቢያ ይህን ወሬ የሚቀበሉበት መንገድ ነበራቸው። አያቶቻችን በአህያና በበቅሎ በሚሄዱበት ዘመን አንድ የጣቢያ ሹም ገና ያላየውን ባቡር ከየት እንደ ተነሣ ያውቅ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው፣ በኪሳችን ስልክ ይዘን፣ አቧራ እያየን «ያ የሚመጣው አውቶቡስ ነው ወይስ የጭነት መኪና?» እየተባባልን እንቆማለን።

በውጭ አገር ይህ ነገር እንዴት እንደ ተለወጠ ማወቅ ይጠቅማል። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ ያለው ትራይሜት የተባለው የሕዝብ ማመላለሻ መሥሪያ ቤት የአውቶቡሶቹን መስመርና የጊዜ ሰሌዳ ጉግል ለተባለው ኩባንያ ሰጠ። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት የአጻጻፍ ሥርዓት ቀላል ነበርና ሌሎችም ከተሞች ተከተሉት፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ይኸው ነው። የለንደን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. የምድር ውስጥ ባቡሮቹ በየደቂቃው የት እንዳሉ የሚያሳየውን መረጃ ለማንኛውም ሰው ከፈተ። መሥሪያ ቤቱ መረጃውን ሰጠ፤ ወጣቶችና ኩባንያዎች ደግሞ ሕዝቡ የሚጠቀምበትን መሣሪያ በየፊናቸው ሠሩ። ዴሎይት የተባለው ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ለንደን መረጃዋን በመክፈትዋ መንገደኞችና ከተማይቱ በየዓመቱ እስከ 130 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ጥቅም አግኝተዋል። ከዚህም ትልቁ ድርሻ ሌላ ነገር ሳይሆን ሰው በመጠበቅ የሚያጠፋው ጊዜ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ለንደንና አዳሚ ቱሉን ምን አገናኛቸው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛ የጊዜ ሰሌዳ የለንም። መኪናችን የሚነሣው ሲሞላ ነው። ስለዚህ ወደ ጐረቤታችን ወደ ናይሮቢ እንሂድ። የናይሮቢ ማታቱ እንደ እኛ ሚኒባስ ነው፤ ሲሞላ ይነሣል፣ ረዳቱም ይጮኻል። ስለ መስመሮቹ በአንድ ቦታ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር አልነበረም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው፣ ስልካቸውን ይዘው በማታቱ እየተሳፈሩ፣ እያንዳንዱን መስመርና ማቆሚያ መዘገቡ። ከ130 በላይ መስመር ያለበትን ካርታ በ2014 እ.ኤ.አ. አወጡ፤ መረጃውንም ለማንም በነፃ ሰጡ። በእኛም በአዲስ አበባ የአውቶቡስና የሚኒባስ መስመሮችን በዚሁ ዓይነት ለሁሉ ክፍት በሆነ ካርታ ላይ ያሰፈሩ ወጣቶች አሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ናይሮቢ ላይ ሥራውን የጀመሩት መረጃ እስኪሰጣቸው የጠበቁ ሰዎች አይደሉም። እንደ እኛ ተማሪዎች ናቸው።

ነገር ግን ተማሪ ተሳፍሮ ሊመዘግብ የሚችለው መስመሩን ነው። መስመሩ የት እንደሚሄድ እኛ በአዳሚ ቱሉ ድሮም እናውቃለን፤ ያለን አንድ መንገድ ነው። የምንፈልገው ዛሬ፣ አሁን፣ መኪናው የት እንዳለና ስንት ወንበር እንዳለው ነው። ይህን የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሄድን።

የመሥሪያ ቤቱን ስምና ከተማውን አንጠቅስም፤ የምንከሰው ሰው የለምና። የተቀበሉን ሹም ትሑት ሰው ነበሩ፤ ወንበር ሰጡን። እኛም ከመናኸሪያ የወጡትን መኪናዎች መድረሻቸውን፣ የወጡበትን ሰዓትና ባዶ ወንበራቸውን፣ የሚቻልም ከሆነ የደረሱበትን ከተማ፣ በየመንገዱ ላሉት ከተሞች ሕዝብ ክፍት እንዲያደርጉ ለመንን።

ሹሙ አዳምጠውን ሲያበቁ ሦስት ነገር አነሡ። መጀመሪያ «ይህ የመሥሪያ ቤት መረጃ ነው፤ ለውጭ ሰው አይሰጥም» አሉ። ቀጥለው «መኪናው በአራት ሰዓት ይደርሳል ብለን ተናግረን፣ ጎማ ፈንድቶ በስድስት ሰዓት ቢደርስ የሚሰደበው ማን ነው? ዛሬ ምንም ስለማንል ማንም አይሰድበንም» አሉ። ሦስተኛውን ሲናገሩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጆች፣ ዘመኑን ታውቃላችሁ። ሰው የጫነ መኪና የት እንደ ደረሰ ለሁሉ መንገር ለማን መንገር ነው?» አሉን።

ስለ መጀመሪያው መልስ አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ነገር ያነሣል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቍጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ሰጠ፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ግዴታ አደረገበት። ይህን ሕግ በሕግ ፋኩልቲ ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ለፈተና ካጠኑት በኋላ አንድ ቀን ቢጠቀሙበት መልካም ነው።

ስለ ሁለተኛውም መልስ አለን። በአዳሚ ቱሉ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ጎማ እንደሚፈነዳ ያውቃል። ሰዓት እንዲነገረው አይፈልግም፤ «ከሻሸመኔ ተነሥቶአል፤ አምስት ወንበር አለው፤ ቡልቡላን አላለፈም» ቢባል የቀረውን ራሱ ያሰላል። «ዛሬ ከዚህ በኋላ የሚመጣ መኪና የለም» መባልም ትልቅ ስጦታ ነው፤ ሰው ወደ ባቱ ይሄዳል፤ ወይም ልጁን ይዞ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል። ክፉ ወሬ እንኳ በጊዜው ከተነገረ ቀን ያተርፋል።

በሦስተኛው ግን ሹሙ ከእኛ አብልጠው አስበው ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ታግተው መወሰዳቸውን የምንረሳ አይደለንም። እነዚያ ተማሪዎች እኛ ነን፤ ያሉበት መቀመጫ የእኛ መቀመጫ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናችንን አሻሽለናል። ማንም የተሳፋሪ ስም አይወጣም። መኪናው ያለበት ቦታ በሜትር አይነገርም፤ «ይህን ከተማ አልፎአል» ይበቃል። ሥጋት ባለበት መንገድና ሰዓት ይህም ይቅር። መነሻውና ባዶ ወንበሩ ብቻ ቢነገር ግን የሚጎዳ ሰው አይታየንም፤ መናኸሪያው ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ ይህን በዓይኑ ያየዋልና። አለበለዚያ ሥጋት ለሁሉ ነገር ክዳን ይሆናል፤ ክዳኑም የሚከደነው በድኻው ላይ ብቻ ነው። እኛ ስልክ ተደውሎልን ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ሹሙ ሳይሆኑ እኛው በእኛው ላይ ያነሣነው አለ። መረጃው ቢከፈትና ሁሉ በስማርት ስልክ ብቻ የሚታይ ቢሆን፣ እኒያ እናት ምን ይጠቀማሉ? ስልክ አልነበራቸውም፤ ወረቀታቸውንም ያነበብንላቸው እኛ ነን። እንዲህ ከሆነ መረጃው ከረዳቱ ዘመዶች እጅ ወጥቶ ስልክ ላላቸው ሰዎች እጅ ገባ እንጂ አልተከፈተም። ስለዚህ የተከፈተ መረጃ ስንል ማንኛውም ሰው ወስዶ በሚቀናው መንገድ ለሌላው ሊያደርሰው የሚችለውን ማለታችን ነው። በመንገዱ ዳር ያለው ሻይ ቤት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል። የባጃጅ ሾፌሩ ይናገረዋል። የኮምፒዩተር ተማሪው በአጭር ስልክ ቍጥር በአማርኛና በኦሮምኛ እንዲነገር ያደርገዋል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሁሉ ራሱ መሥራት የለበትም፤ የያዘውን መልቀቅ ብቻ ይበቃዋል።

ነገሩም እየባሰ እንጂ እየቀለለ አይሄድም። ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ ተከፍቶአል፤ ጥሩ መንገድ ነው፤ ጉዞውንም አሳጥሮልናል። ነገር ግን በዚያ የሚሄድ መኪና በመቂና በዓለም ጤና ከተማ መሐል አያልፍም። በአሮጌው መንገድ ዳር የቆመው የመቂ ሰው መኪናው በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ካላወቀ የሚጠብቀው በሌላ መንገድ ያለፈውን መኪና ሊሆን ይችላል። መንገዱ ወደ ደቡብ በተቀጠለ መጠን የአዳሚ ቱሉም ተራ ይደርሳል። መንገድ ሲፈጥን ወሬ አብሮ ካልፈጠነ የሚቀድመው መኪና ያለው ሰው ብቻ ነው።

ሹሙ ሲያሰናብቱን «ይህን በጽሑፍ አምጡት፤ በቃል የተነገረ ነገር ከበሩ አይወጣም» አሉን። እኛም እሺ ብለን ወጣን። እነሆ አንድ ሴሚስተር አለፈ፤ ደብዳቤውን አልጻፍንም። ፈተና መጣ፣ በዓል መጣ፣ ስንፍናም መጣ። እውነቱን ለመናገር የጐረቤታችን ልጅ አሁንም ይደውልልናል። ወንበር ያገኘ ሰው ስለ ወንበር ደብዳቤ አይጽፍም። መረጃን የሚቈልፈው መሥሪያ ቤት ብቻ እንዳልሆነ የተረዳነው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ማክሰኞ እኛ ሦስታችን ትንሽ መሥሪያ ቤት ነበርን፤ ያለንን አውቀን፣ ከሕዝብ ሸሽገን፣ ለራሳችን ተጠቀምንበት። ያውም ማንም ጸሓፊ፣ ማንም ዘበኛ ሳያስፈልገን።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በዚህ መጽሔት ላይ ከመውጣቱ በፊት ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፈን ጨርሰናል። የሚቀረው ሦስት ነገር ነው። ከሕግ ፋኩልቲ አንድ ሰው አዋጁን በተገቢው ቦታ እንዲጠቅስልን፣ ከኮምፒዩተር ተማሪዎች አንድ ሰው መሥሪያ ቤቱ መረጃውን በምን ዓይነት ቢሰጥ ለሁሉ እንደሚመች በአንድ ገጽ እንዲያስረዳልን፣ ኦሮምኛ በደንብ የሚጽፍ ሰውም ደብዳቤውን በኦሮምኛ እንዲያዘጋጅልን እንለምናለን። ከሻሸመኔ፣ ከነገሌ፣ ከቡልቡላ፣ ከባቱ፣ ከመቂ፣ ከሞጆና ከአዳማ የመጣችሁ ሁሉ ደግሞ ስማችሁን እንድትጨምሩበት እንጠብቃለን። ረቂቁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦአል። ሰላሳውን ቀን የምንቈጥረው ደብዳቤውን ካስረከብንበት ቀን ጀምሮ ነው፤ መልሱ ምንም ይሁን ምን በዚህ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን አንድ ነገር ያለ ማንም ፈቃድ ማድረግ እንችላለን። በሚመጣው በዓል ማግሥት በአዳሚ ቱሉ መንገድ ዳር ቆመን ስልካችን ቢጮህ፣ የሰማነውን ጮኸን እንናገራለን፦ «አራት ወንበር ያለው አውቶቡስ ቡልቡላን አልፎአል!» እንላለን። ረዳቱ ይቈጣናል፤ ምናልባትም ዳግመኛ አይደውልልንም። ሕዝቡም ይጋፋል። እኛም ወንበሩን ልናጣ እንችላለን። ይሁን። ያን ዕለት ብንናገር ኖሮ ሕዝቡ ራሱ «እኒህ እናት ሕመምተኛ ይዘዋል፤ አሳልፉአቸው» ይል ነበር። የአዳሚ ቱሉን ሕዝብ እናውቀዋለን፤ ሲነገረው እንዲህ የሚያደርግ ሕዝብ ነው። ያልተነገረው ብቻ ነው።